ሁለት ሌሊት ያደረ ውጤት

ሐዲያ ሠላሳ አራት ዓመት በማይክሮስኮፕ ደም ስታይ የኖረች ሴት ናት። በሆስፒታሉ ላቦራቶሪ የወባው ምርመራ የእሷ ነበር፤ ሥራውም ሁለት ሕግ ነበረው። አንደኛው፣ በመስታወቱ ላይ መቶ ቦታ ሳይታይ ውጤት አይሰጥም። መቶው ታይቶ ምንም ባይገኝ እንኳ «የለም» ተብሎ አይጻፍም፤ «አልታየም» ነው የሚባለው። የለም ማለት የአላህ ዕውቀት ነው። ሁለተኛው፣ የታየ ውጤት አያድርም፤ በዚያው ቀን ለባለቤቱ ይነገራል።

ባሏን ዐብዱናስርንም ያገኘችው በዚሁ ዓይኗ ነው። እሱ የጤና ቢሮ ሾፌር ነበር። ከድሬ ጠያራ መንደሮች ደም የተቀባባቸውን መስታወቶች በእንጨት ሣጥን አድርጎ ያመጣላት ነበር። የሌሎቹ ሾፌሮች ሣጥን ሲከፈት ስብርባሪ አያጣም፤ የእሱ ግን አንድም ቀን ተሰብሮ አያውቅም። እናቷ «ምኑን አይተሽ ነው የምታገቢው?» ብትላት፣ «መንገዱ ያው፣ መስታወቱም ያው፤ ልዩነቱ ሰውየው ነው» አለች።

ከተጋቡ በኋላ ግን፣ በዓል ካልሆነ በቀር፣ ቁርስ አብረው በልተው አያውቁም። እሱ ከሱብሒ ሶላት እንደተመለሰ ለገጠር ይነሳል፤ እሷ ልጆቹን አብልታ ወደ ሥራዋ ትሮጣለች። «ጡረታ ስንወጣ» ይባባሉ ነበር። «ጡረታ ስንወጣ ፀሐይ ግቢያችን እስክትገባ ቁጭ ብለን እንበላለን።»

ጡረታ ወጡ። ፔጆዋም መጣች።

ዐብዱናስር ያገኛት ድሬ ጠያራ፣ በአንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ነው። ዶሮ እንቁላል የምትጥልባት አሮጌ ፔጆ 404 ነበረች። ቀረብ ብሎ የኋላ በሯን ሲያይ ቆሞ ቀረ። በሩ ላይ ያለውን ስርጉድ ያውቀዋል፤ በአሥራ ሰባት ዓመቱ፣ በአጎቱ ታክሲ መንዳት ሲማር ከግንብ ጋር አጋጭቶ ያበጀው ራሱ ነው። ጭነት መኪና ተከራይቶ አመጣት። የጀጎል መተላለፊያ ለሰውና ለአህያ እንጂ ለመኪና አይሆንምና፣ ከሸዋ በር ውጭ ግቢ ተከራየላትና ሸራ አልብሶ አቆማት።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሱብሒ በኋላ ወጥቶ ከዐስር ሶላት በፊት ተመልሶ አያውቅም። ዕቃው ከድሬዳዋ ይመጣል፣ ከጅቡቲ ይመጣል። ለቤቱ ጣሪያ ማደሻ ያስቀመጡት ገንዘብ የሞተር ራስ፣ ቴስታታ የሚሉት፣ ሆኖ መጣ። ሐዲያ የዕቃውን ዋጋ ጠይቃ አታውቅም፤ መጠየቅ አያስፈልጋትም ነበር። ውድ ዕቃ በገዛ ዕለት ሳሉን አስቀድሞ ነው የሚገባው። ትንሽ ከሆነ አንድ ጊዜ ይስላል። የቴስታታው ቀን ከውጭው በር እስከ ሳሎን እየሳለ ገብቷል።

ግቢው ሌባ አያጣውም ብሎ ያላለቀውን ዕቃ ሁሉ ወደ ቤት ያመጣል። ሰሐኖቿና ሙዳዮቿ በሚደረደሩባቸው የግድግዳ ጣቄቶች ውስጥ ካንዴላና ብሎን ገባ። የሞተሩም ራስ የቤቱ ጌታ በሚቀመጥበት መደብ፣ በነደባው ላይ፣ ምንጣፍ ተነጥፎለት ስድስት ወር ተቀመጠ። የጎረቤቷ የነኢማ ዓይን ይህን አላለፈም።

«ሐዲያ፣ ጣውንትሽ እንዴት አደረች?» ትላለች በየጧቱ፣ በግንቡ ላይ አንገቷን አውጥታ።

«አልተነሳችም።»

«እሰይ! የማትነሳ ጣውንት ማን ይሰጠኛል! የእኔዋ ከዶሮ ቀድማ ነው የምትነሳው።»

እውነትም አልተነሳችም። ቀለሟ ታድሷል፣ ወንበሮቿ ተሰፍተዋል፣ የሞተሯ ራስ ከቤት ወጥቶ ቦታው ገብቷል፤ ቁልፉ ሲዞር ግን ታጓራለች፣ ትስላለች፣ ትሞታለች። መካኒኩ ሙሳ የቤንዚን ፓምፑ ነው አለ፤ ተገዛ። ካርብራተሩ ነው አለ፤ ተገዛ። ከዚያም ኮይሉ ሆነ። ሦስት ወር እንዲህ አለፈ።

«ቤንዚኑስ?» ብላ ነበር ሐዲያ አንድ ቀን።

«ቤንዚኑማ ተመርምሯል» አለ ዐብዱናስር። «ሙሳ ከላይ ጨርቅ ነክሮ ክብሪት ጫረበት። ወላሂ፣ ቅንድቡን ሊያጣ ነበር።»

ሐዲያን በውስጧ የሚያንገበግባት ቤንዚኑ አልነበረም፤ ገንዘቡም አልነበረም። ጧቱ ነው። ስድሳ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ከፊቷ ስንት ጧት እንደቀራት አታውቅም፤ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ግን ማን እንደበላቸው ታውቃለች።

አንድ ማክሰኞ ዐብዱናስር ሳይስል ገባ። በእጁ ክዳን ያለው የማርማላታ ጠርሙስ ይዟል፤ መሣሪያዎቹን ሊያጥብበት ከመኪናዋ የቤንዚን መያዣ ሥር የቀዳው ነው። ጠርሙሱን ጣቄቱ ላይ አስቀመጠና ጫማውን ሳያወልቅ ቁጭ አለ።

«ሸጥኳት» አለ።

«ለማን?»

«ለዚያ ለድሬዳዋው የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ለኒቆዲሞስ። በትኖ ዕቃ ዕቃዋን ይሸጣታል። ቅዳሜ ጭኖ ይወስዳታል።» ከዚያም፣ «በቃኝ ሐዲያ። ሽማግሌ ለሽማግሌ አንረዳዳም» አለ።

ሐዲያ «አብሽር» ብላ ትከሻውን ነካ አደረገችው። ልቧ ግን፣ አላህ ይቅር ይበላት፣ በደስታ ዘለለ።

ረቡዕ ጧት ከሱብሒ ተመልሶ ቁጭ አለ። ሐዲያ ፈጢራ ጋገረች፤ በማርና በእንቁላል። ሆጃውን፣ ያንን የቡና ገለባ ከወተት ጋር የሚፈላውን፣ በትልቁ ፔርሙዝ አደረገች። እየተያዩ በሉ። አዲስ ሙሽሮች ይመስል ማን መጀመሪያ እንደሚናገር ጠፋቸው።

ሐሙስ ወግ መጣ። የሞላ ወንዝ መሐል መኪናው ቆሞበት፣ የመስታወቱን ሣጥን በራሱ ላይ ተሸክሞ እንዴት እንደተሻገረ ነገራት። «ሱሪዬን ወንዙ ወሰደው» አለ። «ሣጥኑን ይዤ መንደር ስገባ ሴቶቹ ‹ሐኪሙ አበደ› ብለው በር ዘጉብኝ።» ሐዲያ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሠላሳ አምስት ዓመት ተጋብተው ይህን ወግ ሰምታው አታውቅም። የት ነበር? በየትኛው ጧት ሊነገር ኖሮ ነው ሳይነገር የቀረው?

ፀሐይዋ በግቢው ግንብ ላይ ዘለቀችና በበሩ ገብታ ጣቄቱ ላይ ያረፈችው ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ሐዲያ ስትስቅ ቀና አለች፤ ጠርሙሱን አየችው።

ከማክሰኞ ጀምሮ የነካው የለም። በውስጡ ያለው ሁለት ሆኗል። ከላይ ቢጫ፣ ከታች ዝገት የዘቀጠበት ጠራ ያለ ነገር፣ በመካከላቸው እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር። ሁለት ፈሳሽ አይቶ ለመለየት እሷ ማይክሮስኮፕ አያስፈልጋትም። ታችኛው ውሃ ነው።

ሳቋን ሳትጨርስ ሁሉንም አወቀችው። ሁለት ክረምት ሸራውን አልፎ ዘንቦባታል። የቤንዚኑ ክዳን ጎማ፣ ጎሚኒው፣ አርጅቶ ውሃ አስገብቷል። ቤንዚን በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሙሳ ከላይ ነክሮ ክብሪት ቢጭር ይነድዳል። ወደ ሞተሩ የሚወርደው ቧንቧ ግን የሚጠጣው ከሥር ነው። ፓምፑ አልታመመም፣ ካርብራተሩም አልታመመም። ከማሽኑ በፊት ናሙናውን ጠርጥር፤ ይህንን ለስንት ተለማማጅ አስተምራለች!

«ምነው?» አለ ዐብዱናስር።

«ምንም» አለች። «ጨምርልኝ ሆጃውን።»

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ሐዲያም ይህንኑ ተረት ይዛ ዋለች። እሷ ምን አደረገች? መኪናዋን አልሸጠችበትም፤ ሽጥም አላለችው። ሦስት ቀን ዝም ብትል የሚቀረው ዘመን ጧት ሁሉ የእሷ ነው። ማታ ስትተኛ ግን የላቦራቶሪው መዝገብ በዓይኗ መጣባት። በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ውጤት አሳድራ አታውቅም። ይሄኛው አደረ።

ዓርብ ጧት እንደገና አብረው ተቀመጡ። ፈጢራው ያው ነው፣ ሆጃውም ያው ነው። ሐዲያ እጁን አየች። ንጹሕ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ይህን ግራሶ ከጥፍርህ አውጣ፣ ከምግብ ጋር ልትበላው ነው?» ስትለው የኖረችው እጅ እንደ ሕፃን እጅ ነጽቷል። ዐብዱናስር ግን ከኪሱ አሮጌ ጨርቅ አወጣና ጠረገው። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጠረገው። ምንም የሌለበትን እጅ፣ ጣት በጣት፣ ቀስ ብሎ። ወግ አልነበረውም። ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ሰውዬ ሣጥኑን መንገድ ላይ ጥሎ ባዶ እጁን የመጣ ይመስል ነበር።

ነኢማ በግንቡ ላይ ብቅ አለች። «ሰማሁ፣ ሰማሁ! ጣውንትሽ ተፈታች አሉ! እንኳን ደስ አለሽ!»

ሐዲያ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ወደ ቤት ገባች። ያ ውጤት ሁለተኛ ሌሊት አደረ።

ቅዳሜ ዐብዱናስር ቁልፉን ሊያስረክብ ቁርስ ሳይበላ ወጣ። ሐዲያ ፈጢራውን በጨርቅ ጠቀለለች፣ ፔርሙዙን አንጠለጠለች፣ ጠርሙሱን በነጠላዋ ሸፍና ደረቷ ላይ ያዘች። ልጅ የታቀፈች ይመስል በሸዋ በር ገበያ መሐል ሰዉን እየገፋች አለፈች። ግቢው በር ላይ የኒቆዲሞስ የጭነት መኪና ቆሟል፤ ሰንሰለቱም ተዘርግቷል።

ፔጆዋን ስታያት የመጀመሪያዋ ነበር። እንዳሰበቻት አስጠሊታ አልነበረችም። ሰማያዊና ነጭ ናት፤ ሁሉ ነገሯ ታድሶ የኋላ በሯ ስርጉድ ብቻ እንዳለ ተትቷል።

«ሐዲያ?» አለ ዐብዱናስር ደንግጦ። «ምን ሆንሽ? ማን ታመመ?»

«ማንም አልታመመም።» ጠርሙሱን ኮፈኑ ላይ አስቀመጠችው። መንገድ ላይ ስለተናወጠ ደፍርሷል። «አትንኩት። ይረፍ።»

ሙሳ መፍቻውን እንደያዘ መጣ። ኒቆዲሞስም ሰንሰለቱን ጥሎ መጣ። አራቱም ጠርሙሱን ከበው ቆሙ።

«እኔ ከድሬዳዋ ድረስ የመጣሁት ጠርሙስ ልጠብቅ ነው እንዴ?» አለ ኒቆዲሞስ።

«አቦ፣ ዝም በል» አለ ሙሳ። «ሲስተር ስታይ አይወራም።»

ቀስ በቀስ መስመሩ ወጣ። ከላይ ቢጫው፣ ከታች ውሃው። ሙሳ ጎንበስ ብሎ አየና መፍቻው ከእጁ ወደቀ። «ያ አላህ! እኔ ክብሪት ጫርኩና ነደደ...»

«ላዩ ነው የነደደው» አለች ሐዲያ። «ሥሩን ያየ የለም።»

ዐብዱናስር ጠርሙሱን ሳይሆን እሷን ነበር የሚያያት። «መቼ አየሽው?»

ልትዋሽ ትችል ነበር፤ «አሁን» ብትል የሚጠይቃት የለም።

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

«አዎ። ሁለት ሌሊት አሳደርኩት።»

ሙሳና ኒቆዲሞስ ነገሩ የቤንዚን እንዳልሆነ ገብቷቸው ወደ ጭነት መኪናው ዞር አሉ።

«ለምን?» አለ ዐብዱናስር። ቁጣ አልነበረውም፤ እውነት ማወቅ ፈልጎ ነው።

ሐዲያ ነጠላዋን አስተካከለች። «ቁርሱ ጣፍጦኝ ነው።»

ሰውየው ጨርቁን ከኪሱ አወጣ፣ እጁን ሊጠርግ ብሎ ተወው። «እኔ እኮ» አለ በመጨረሻ፣ «ገንዘቡ ነው የሚያናድድሽ ብዬ ነበር የማስበው። ስገባ የምስለውም ለዚያ ነው።»

«ሳሉንማ አውቀዋለሁ። ገንዘቡም አናዶኛል፤ ጣሪያው ያፈሳል። ግን ጣሪያ ይታደሳል።»

ከቤንዚን መያዣው ሥር ያለውን ብሎን ፈቱት። ሙሳ የወጣውን በሳፋ ተቀበለ፤ ግማሹ ውሃ ነበር። አድርቀው፣ ቧንቧውን ነፍተው፣ ንጹሕ ቤንዚን ሞሉ፤ ክዳኑን ለጊዜው በላስቲክ አሰሩት። ዐብዱናስር ቢስሚላህ ብሎ ቁልፉን አዞረ። አንድ ጊዜ አጓራች፤ ሁለተኛ ላይ ተነሳች።

«ማሻአላህ!» ብሎ ሙሳ ጭንቅላቱን ያዘ።

ኒቆዲሞስ ሰንሰለቱን መጠቅለል ጀመረ። «ሬሳ ልወስድ መጥቼ ሰርግ ላይ ደረስኩ! እንግዲህ ቢያንስ የሰርጉን አብሉኝ።»

ሐዲያ ለሁለቱም ፈጢራ ቆርሳ ሰጠች። ለራሷና ለባሏ ያስቀረችውን ይዛ ከጎኑ ገባች። ሞተሩ እየሠራ ነው። ዐብዱናስር እጁን መሪው ላይ አሳርፎ ጥቂት አዳመጠ፤ ከዚያ ቁልፉን መልሶ አጠፋው።

«ለምን አጠፋሃት?»

«ቁርስ አልበላሁም» አለ።

ሆጃውን በአንድ ብርጭቆ እየተቀባበሉ ጠጡ። «ከእንግዲህ» አለ ዐብዱናስር፣ «ከአራት ሰዓት በፊት ከቤት አልወጣም። ወላ...»

«አትማል» አለችው። «እኔ አያለሁ።»

«ስንት ቀን ልታዪ ነው?»

«መቶ። መቶ ጧት ሳላይ ውጤት አልሰጥም።»

እሁድ ጧት ከሱብሒ ተመልሶ ሲገባ ውጭው በር ላይ ሳል አሰማ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትንሽ። በመዳፉ ላይ መስጊድ ደጅ ከሙሳ የገዛው አዲስ የቤንዚን ክዳን ከነጎሚኒው ነበር። ሐዲያ ፈጢራውን ገለበጠችና፣ «አንድ» አለች።