የስፌት መኪናዬ ዝም ያለ ጊዜ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዛሬ ዛሬ የምሰፋው መጋረጃና የትራስ ልብስ ነው እንጂ፣ በደህናው ዘመኔ ኮት ከነገበሩ እሠራ ነበር። የከዱኝ ጣቶቼ ናቸው። ቁርጥማት ከያዘኝ ስንት ዘመኔ ነው። ሐኪሞቹ ረጅም ስም አላቸው ለሱ፤ እኔ ግን ቁርጥማት ብዬ እጠራዋለሁ፣ እሱም አቤት ይለኛል። ጠዋት ስነሳ ጣቶቼን እንደ ቆዳ ድርቅ ብለው ነው የማገኛቸው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ አላላቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው መርፌ ላይ ክር የማስገባው፣ ያውም መርፌዋ ፈቃዷ ከሆነ።

ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ሕመሜን ከእኔ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ ያየኝና፣ «ዛሬ ክፉ ቀን ነው» ይላል። እኔ ገና ቃል አልተነፈስኩም። ሌላ ቀን ደግሞ፣ «ዛሬ ጉልበትሽ ነው፣ እጅሽ ደህና ነው» ይለኛል። «የታመምከው አንተ ነህ ወይስ እኔ?» ብዬ እቆጣዋለሁ። ግን እውነቱን ነበር። እሱ ካለፈ ወዲህ ክፉውን ቀን ከደህናው የሚለይልኝ የለም። ብቻ የመኖር አንዱ ክፋቱ ይሄ ነው፤ ሰው ሕመሙ እንኳ ምስክር ያጣል።

ኮሌስትሮሉ የመጣው እንግዲህ በዚህ ላይ ነው።

ሐኪሜ ልጅ እግር ናት። የደም ምርመራውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«እናቴ፣ ደምዎ ውስጥ ያለው ስብ ከፍ ብሏል።»

«ስብ? እኔ? ይሄን አጥንት ይዤ?»

ሳቀች። «ነገሩ ከውፍረት ጋር አይደለም። እንደ እርስዎ የመገጣጠሚያ ሕመም የቆየበት ሰው ልቡም የደም ሥሩም ቶሎ ይጎዳል። ይህን ክኒን በየቀኑ ቢወስዱ ጥሩ ነው እላለሁ። የድንገተኛ ልብ ሕመምንና የስትሮክን አደጋ ይቀንሳል።»

«ጉዳትስ የለውም፣ ልጄ?»

«ብዙው ሰው ምንም አይሰማውም። አንዳንዱን ግን ጡንቻውን ያመዋል፤ ጭኑን፣ ትከሻውን። አዲስ ሕመም ከተሰማዎት መጥተው ይንገሩኝ። ሽንትዎ ከጠቆረ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ።»

አዲስ ሕመም! የእኔ ገላ እኮ የቁራጭ ጨርቅ ከረጢት ነው። ከዚያ ሁሉ ቁራጭ መሀል አዲሱ የቱ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

«ቤት ውስጥ ሁኔታዎን የሚያይልዎ ሰው አለ?» አለችኝ።

«ልጅ አለኝ» አልኳት። ውሸት አይደለም፣ አለኝ። የሚኖረው ሌላ ከተማ ነው እንጂ።

ክኒኑን ይዤ መጣሁና ከክር ጥቅልሎቹ አጠገብ አስቀመጥኩት። እየሰፋሁ አየዋለሁ፤ እሱም ያየኛል። ታላቅ እህቴን ስትሮክ ጥሏት፣ ግማሽ ጎኗ ከድቷት፣ የምትለው እያላት ምላሷ እምቢ ብሏት ስትኖር በማንኪያ ያጎረስኳት እኔ ነኝ። እኔ ብወድቅ ማን ያጎርሰኛል? ይሄ አንዱ ፍርሃት ነው። ሌላው ደግሞ፣ የእኔ የስፌት መኪና በኤሌክትሪክ የሚሄድ አይደለም፣ በእግር የሚረገጥ ነው። እጄ የከዳኝን ያህል እግሬ ችሎልኛል። ጭኔም ከታመመ መኪናው ቆመ ማለት ነው፤ መኪናው ከቆመ ደግሞ በሬን የሚያንኳኳ የለም። መጋረጃ ልታሳጥር የምትመጣዋ ሴትዮ ናት የእኔ እንግዳ። ሜትሬን አንገቴ ላይ ጥዬ ስቀበላት ነው ሰው የምሆነው።

ልጄ ደወለ።

«እማዬ፣ አነበብኩ እኮ። አንዱ ውሰዱ ይላል፣ አንዱ አትውሰዱ ይላል።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ሐኪሟ ካለች... ግን ገላሽን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ምን ይሰማሻል?»

«ደህና ነኝ።»

«ሁሌ መልስሽ ደህና ነኝ ነው።»

«ደህና ስሆን ታዲያ ምን ልበል? ልጩህ?»

ሳቀ። ወዲያው ከሥራ ቦታው አንድ ሰው ጠራውና፣ «እማዬ፣ መልሼ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋ። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ሞቆ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬው እስኪቀዘቅዝ አየሁት።

ከእኔ ሥር፣ ምድር ቤት የሚኖሩት አንድ ጡረታ የወጡ መካኒክ ናቸው። የአውቶቡስ ሞተር ሲጠግኑ ነው ያረጁት። የግቢው ሰው «አባ ጸጥ» ነው የሚላቸው፤ ልጅ ሲሮጥ ጸጥ፣ ውሻ ሲጮህ ጸጥ! የእኔ ወለል የሳቸው ኮርኒስ ነው። መኪናዬን መርገጥ ስጀምር በመጥረጊያ እንጨት ከታች ኳ ኳ ያደርጋሉ።

«እትዬ! ኮርኒሱ አናቴ ላይ ሊወርድ ነው!»

«ከወረደ እኔም አብሬው እወርዳለሁ! አይዞዎት፣ ብቻዎን አይሞቱም!» እላቸዋለሁ በመስኮት።

በዚያው ሰሞን ጉንፋን ያዛቸውና ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። አንገታቸው ላይ ፎጣ ጠምጥመዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። እንደ ወትሮው አልተቆጡም። «እትዬ፣ እኔም ሰው ነኝ እኮ፣ ብረት አይደለሁም» ብቻ ብለውኝ ገቡ። አንጀቴን በሉት። ቤቴ ገብቼ የባለቤቴን አሮጌ ብርድ ልብስ አወጣሁ፣ አራት እጥፍ አደረግኩና፣ የመኪናውን የብረት እግሮች በአንድ በኩል ከዚያም በሌላው እያነሳሁ ከሥሩ አነጠፍኩት። ብረግጥ ብረግጥ ድምፁ እንደ ሩቅ ነገር ሆነ። ከታች መንኳኳቱም ቀረ።

በዚያው ሳምንት ቆረጥኩና ክኒኑን ጀመርኩ። እህቴ ናት ያስጀመረችኝ፤ ትዝ ባለችኝ ቁጥር ማንኪያው እጄ ላይ ያለ ይመስለኛል።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ጭኔ። አቤት ጭኔ! ሸክም ይዞ ዳገት ሲወጣ እንደ ዋለ ሰው፣ ከጉልበቴ በላይ ያለው ሥጋ ሁሉ ዛለ። ከወንበር ስነሳ ጠረጴዛውን እይዛለሁ። ሐኪሟ ያለችው ይኸው መጣ አልኩ። ደግሞ መለስ ብዬ፣ ቁርጥማቱ ቢሆንስ? እርጅናው ቢሆንስ? ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ባለቤቴ ቢኖር አንድ ጊዜ አይቶኝ ይነግረኝ ነበር። ይተኛበት የነበረው ጎን ላይ እጄን አሳርፌ፣ «እስቲ ንገረኝ፣ የቱ ነው?» አልኩት አንድ ጠዋት። አንሶላው ቀዝቃዛ ነበር።

ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ። ጭኔን ጫን ጫን አድርጋ አየች፣ ደም አስወሰደች።

«ክኒኑን ከጀመሩ ወዲህ የተለወጠ ሌላ ነገር አለ? አዲስ ጫማ? የሥራ ለውጥ?»

«ምንም የለም፣ ልጄ። ያው ቤቴ፣ ያው መኪናዬ።»

ውጤቱ ሲመጣ ነገረችኝ፤ «የጡንቻዎ ምርመራ ደህና ነው። ለጊዜው አቁመነው እንየው። ከዚያ እኔና እርስዎ ተነጋግረን እንወስናለን።»

አቆምኩት። እየሰፋሁ ጠበቅኩ፤ ጭኔ ግን አልለቅ አለኝ። በቃ፣ ክኒኑ አበላሽቶኛል፣ አልፏል አልኩ በሆዴ። ያን ጊዜ ነው መስፋቱንም የተውኩት። መኪናውን በጨርቅ ሸፈንኩና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቤት ጸጥ ሲል እንደዚያ ጸጥ የሚል አይመስለኝም ነበር። የቧንቧው ጠብታ ይሰማል። ጎረቤት በር ሲዘጋ ይሰማል። ልጄ ሲደውል «ደህና ነኝ» አልኩት። ቀኑ ሄዶ ሄዶ አይመሽም።

አንድ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ብከፍተው አባ ጸጥ ናቸው፤ የመጥረጊያውን እንጨት እንደ ምርኩዝ ይዘውታል።

«ታመሙ እንዴ?» አሉኝ።

«ምነው?»

«ድምፅ የለም።»

«ድምፁን አይደል እንዴ የሚጠሉት?»

«መጥላትማ እጠላዋለሁ። የሚጠሉት ነገር ሲጠፋ ግን ያሳስባል።» ሳልጋብዛቸው ገብተው ተቀመጡ። «መጀመሪያ ድምፁ ታፈነ። ከዚያ እንደታመመ ሞተር ያቃስት ጀመር፤ ይነሳል፣ ይጎተታል፣ ይነሳል፣ ይጎተታል። ሴትዮዋ እግር ላይ የሆነ ነገር አለ አልኩ። ከዚያ ጭራሹን ዝም። ከዝምታ በኋላ ምን እንደሚመጣ ስለማውቅ ወጣሁ።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ገባኝ። ሻይ ልቅዳ ብዬ ስነሳ ጠረጴዛውን ያዝኩ፤ አዩኝ። ያን ጊዜ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ለልጄ ያልነገርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። ክኒኑን፣ እህቴን፣ ጭኔን። «አመመኝ» የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

እሳቸው ግን ዓይናቸው ከመኪናው ሥር ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ብርድ ልብስ። ለእርስዎ ብዬ ነው እኮ፣ እንዳይረብሽዎት።»

«ጉልበቴ ሲንቋቋ እንዳይስቁብኝ» ብለው ተንበረከኩ፤ ተንቋቋም፣ አልሳቅኩም። በእጃቸው የእግር መርገጫውን ወደ ታች ገፉት። ብርድ ልብሱ ውስጥ ገብቶ ተቀበረ። ለቀቁት። መልሰው ገፉት።

«ይኸው! የብረት እግሮቹ ጨርቁ ውስጥ ሰምጠዋል። መርገጫው በየምቱ ብርድ ልብሱን እየደቆሰ ነው የሚመለሰው። ፍሬን ይዞ ነዳጅ መስጠት ማለት ይሄ ነው። እንኳን የእርስዎ ጭን፣ የአውቶቡስ ሞተርም ይነድዳል!»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ። እኔ ሥሩን በገዛ እጄ ሸፍኜው ኖሯል። ሐኪሟ የተለወጠ ነገር አለ ወይ ስትለኝ ብርድ ልብሱ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ልብስ ሰፊ ጨርቅን እንደ ነገር አይቆጥርም፤ ቤቱ ሁሉ ጨርቅ ነው።

መኪናውን እሳቸው ከፍ አደረጉልኝ፣ እኔ ብርድ ልብሱን ሳብኩት። የብረት እግሮቹ አራት ጉድጓድ ትተውበታል። አጥፌ ደረቴ ላይ ያዝኩት፤ ትንሽ ዞር ብዬ ቆምኩ። አባ ጸጥም ደግ ናቸው፣ መስኮቱን ማየት ጀመሩ።

ጭኔ እያደር ለቀቀኝ። ቁርጥማቱማ የት ይሄዳል፣ እሱ የቤት ሰው ነው። ለሐኪሟ ታሪኩን ስነግራት ዓይኗን እስክትጠርግ ሳቀች። ከዚያ ግን ቀና ብላ፣ «እንግዲህ እንደ አዲስ ነው የምንጀምረው። ክኒኑ አያምዎትም ብዬ ቃል አልገባም፤ ሊያምዎት ይችላል። ምን ይላሉ?» አለችኝ።

«ልሞክረው። ከመጀመሬ በፊት ግን የማናግረው ሰው አለ።»

ምድር ቤት ወርጄ የአባ ጸጥን በር አንኳኳሁ። አንድ ወንበር፣ አንድ ብርጭቆ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉ የመፍቻ ዓይነቶች፤ እንደ እኔው ቤት ነው።

«አንድ ነገር ልለምንዎ ነው። ስሰፋ ይስሙኝ።»

«መቼ ሳልሰማ ቀረሁ! ጆሮዬን የበላው እሱ አይደል!»

«እንደሱ አይደለም። እንደ ሞተር ይስሙኝ። እግሬ ሲጎተት ይንገሩኝ። እኔ የሕመሙን አዲስና አሮጌ መለየት አልችልም።»

መጥረጊያው ጥግ ቆሟል። «እኔንስ ማን ይሰማኛል?» አሉ በመጨረሻ፣ ቀልድ ሊያስመስሉት እየሞከሩ።

«ሲሰሙኝ አንድ ጊዜ ኳ ያድርጉ። ካላንኳኩ እወርዳለሁ።»

«ይሁን» አሉ። ሌላ ወሬ አልጨመርንም። ሁለታችንም የወሬ ልማዱ ጠፍቶብናል።

በማግሥቱ ልጄ ደወለ። «ምን ይሰማሻል?» ሲለኝ፣ «ዛሬ ጉልበቴ ነው፣ እጄ ደህና ነው» አልኩት። «አባዬን መሰልሽኝ» አለ። መልሼ እደውላለሁ ሳይል ትንሽ ቆየ።

ስልኩን ዘግቼ ክኒኑን በውሃ ዋጥኩት። ክፍሉ ያው ነው፤ አንድ ወንበር፣ መስኮቱ፣ የባለቤቴ ብርድ ልብስ አልጋው ላይ። ማንም አልገባም፣ ማንም አይገባም። መጋረጃውን ከመርፌው ሥር አስተካክዬ መርገጫውን ረገጥኩ። ብረቱ ወለሉ ላይ እንደ ድሮው ጮኸ። ሙሉ አንድ ስፌት እስከ ጫፉ ወሰድኩና ቆሜ አዳመጥኩ።

ከታች ኳ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ቀጠልኩ።