ቢሮው ባሕር የተሻገረበት ቀን

አክስቴ ኦርፌሊና «ጡረታ እወጣለሁ» ስትል የሰማኋት በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው። አዲሱን ወደብ አይተን ስንመለስ ጀልባ ላይ ነበርን። የተጋጨ ጉልበቷን እያሻሸች፣ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ፣ «ኢልዳ፣ ወረቀቱን አዘጋጂልኝ፤ ይበቃኛል» አለች። ሌላ ቀን ቢሆን መሀል ላይ አንድ ሁለት ስድብ ጣል ታደርግ ነበር። ያን ቀን ስድብም አልነበራት። ያስደነገጠኝ እሱ ነው።

እኛ በደቡብ ቺሌ፣ ቺሎኤ ደሴቶች ላይ ሰውና ዕቃ የሚያመላልሱ ሦስት ጀልባዎች አሉን። ድርጅቱን ከሟች ባሏ ጋር ያቋቋመችው አክስቴ ናት። እኔ ደግሞ ሒሳቡን፣ ደብዳቤውንና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ያለውን ጭቅጭቅ እይዛለሁ። ቢሮአችን በባሕሩ ዳር በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆመ ባለ ሁለት ክፍል የሳንቃ ቤት ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ከወሽመጡ ማዶ አዲስ የጀልባ ማቆሚያ ሠርቶ አሮጌውን ሊዘጋ ስለወሰነ፣ ቢሮውም ወደ ማዶ መዛወር ነበረበት።

አክስቴ ዓይኗ ከጠፋ ዓመታት ሆኗታል። ቢሮ ውስጥ ሲያያት ግን ይህን የሚጠረጥር እንግዳ የለም። ካፖርቷን ሳትዳብስ ትሰቅላለች፤ ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው ላይ ታነሳለች፤ ሬዲዮው ሲንጫጫ መነጋገሪያው እጇ ላይ ነው። የጀልባ መሪዎቹን ከአተነፋፈሳቸው ታውቃቸዋለች። «አንተ፣ ትናንት ስትጠጣ አምሽተሃል፤ መሪውን ለረዳትህ ስጥ» ስትል ማንም አይከራከራትም። ባሕሩ እንዴት እንደዋለ የምታውቀውም ከወለሉ ሥር በሚሰማት የማዕበል ድምፅ ነው።

እኔ ዕቅድ ማውጣት የምወድ ሰው ነኝ፤ ሳልዋሽ፣ በዕቅዴ እኮራለሁ። ማዶ አዲስ ሕንፃ ላይ የመስታወት በር ያለው፣ ግድግዳው ነጭ የሆነ ክፍል አገኘሁ። ወንበርና ጠረጴዛው በየትኛው ጀልባ እንደሚሄድ፣ ስልኩ መቼ እንደሚቆረጥና መቼ እንደሚቀጠል ሁሉ ጨርሼ ነበር። ከዚያ አክስቴን ክፍሉን እንድታየው ወሰድኳት። መጀመሪያ ጉልበቷን ባንኮኒ መታት። ቀጥሎ ግንባሯ ከመስታወቱ ጋር ተጋጨ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳት፤ መዳፏን ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ አድርጋ ቆየችና «ባሕሩ በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መስታወቱ ድፍን ስለሆነ አይሰማም። ከዚያ በኋላ ነው ጀልባው ላይ ጡረታዋን የጠየቀችኝ።

ተመልሰን አሮጌው ቢሮ ስንገባ ካፖርቷን ሰቀለች፤ እንደ ልማዷ ዞር ብላ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። ከዚህ ክፍል ከወጣች ቤቷ ገብታ እጇን አጣጥፋ እንደምትቀመጥ፣ ከዚያም ብዙ እንደማትቆይ ገባኝ።

«ጡረታ የለም» አልኳት። «ቤቱን እንወስደዋለን።»

«የቱን ቤት?»

«ይሄን።»

«በስብሷል ስትዪኝ አልነበር?»

«አዎ፣ በስብሷል። በስብሶም ይሄዳል።»

«አብደሻል» አለችኝ። ስድቧ ስለተመለሰ ደስ አለኝ።

ቤት መሄዱ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። ጎረቤት ጥንድ በሬውን እየነዳ ይመጣል፣ ቤቱ ከሥሩ ግንድ ገብቶለት ይጎተታል፣ ባለቤቱ ደግሞ የመጣውን ሁሉ ያበላል። ሚንጋ እንለዋለን። የአጎቴ ማድ ቤት ሁለት ኮረብታ ተሻግሮ ሄዷል፤ ድመቷም አብራው ሄዳለች። ቤት ባሕር ሲሻገር ግን ከአረጋውያን አፍ ሰማሁ እንጂ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ስለዚህ እንደገና ዕቅድ አወጣሁ። የበሬው ብዛት፣ የጀልባው፣ የባዶ በርሜሉ፣ ባሕሩ የሚሞላበት ሰዓት ሁሉ ተወሰነ። ከዚያ ወደ ደሴቶቹ መልእክት የሚያስተላልፈው የአካባቢው ሬዲዮ ጣቢያ ሄጄ ማስታወቂያ አስነገርኩ፦ «የጀልባ ድርጅቱ ቢሮ ስለሚዛወር በሬና ጉልበት ያላችሁ ስማችሁን በስልክ እንድታስመዘግቡ፤ ምሳ ይቀርባል።» ሳምንቱን ሙሉ በየማለዳው ተነገረ። ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ደወለ፤ እሱም ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሊጠይቅ ነው።

ሱቅ ስሄድ ዶን ባውዲሊዮን አገኘሁት፤ ለተከበረ ወንድ «ዶን»፣ ለሴት «ዶኛ» እንላለን። በአካባቢው ሚንጋ ሲኖር በሬዎቹን የሚያዝ፣ ድምፁ ከማዶ የሚሰማ ሰው ነው። ትምባሆውን እየጠቀለለ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

«ዶን ባውዲሊዮ፣ ማስታወቂያውን አልሰሙም?»

«ሰማሁ እንጂ። ድንቅ ሴትዮ ናት ያነበበችው።»

«ታዲያ ለምን አልደወሉም?»

«ሠራተኛ እየቀጠራችሁ መሰለኝ። እኔ ደግሞ ሥራ አልፈለግሁም።» ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዶኛ ኦርፌሊና የኔን ደጅ ታውቀዋለች። ሬዲዮው ግን አያውቀውም» አለኝ።

ጆሮዬ እስኪግል አፈርኩ። ይህንን አገር ከልጅነቴ ጀምሮ እያወቅሁ፣ ሚንጋ በየደጁ ሄደው በአፍ እንደሚለምኑት እያወቅሁ፣ «ቢሮ» የሚለው ቃል አሳውሮኝ ነበር። ለአክስቴ ስነግራት ማንቆርቆሪያውን እስክታስቀምጥ ድረስ ሳቀች።

«ስማችሁን አስመዝግቡ! ጉድ ነው እኮ። ነይ፣ ካፖርቴን አቀብዪኝ» አለችኝ፤ ካፖርቷ ግን ቀድሞ እጇ ላይ ነበር።

ክንዴን ይዛ በየቤቱ ሄድን። የሄድንበት ቤት ሁሉ ቁጭ ማለት አለ፤ ቁጭ ካሉ መብላት አለ። የድንች ቂጣ፣ በጭስ የደረቀ የአሳማ ሥጋ፣ የፖም ጠጅ። እኔ በሦስተኛው ቤት ቀበቶዬን ፈታሁ፤ አክስቴ ግን የቀረበላትን ሁሉ እያሟጠጠች በላች። ወሬው ሲያልቅ እንደ ትዕዛዝም እንደ ልመናም ባልሆነ ድምፅ «ቤቴን ልወስድ ነው፤ እርዱኝ» ትላለች። ሌላ ቃል የላትም። ማንም እሺ አላለም፤ ማንም እምቢም አላለም። እንደ እኔ ላለ ዕቅድ ወዳጅ ይህ በሽታ ነው። ማን እንደሚመጣ ሳላውቅ ቀኑ ደረሰ።

ጠዋት የቢሮውን በር ስከፍት አፌ ተከፍቶ ቀረ። ከኮረብታው ጀምሮ እስከ ባሕሩ ዳር ድረስ በሬና ሰው ነበር። የማላውቃቸው ሰዎች ነበሩ። ከሩቅ ደሴት በሬያቸውን በጀልባ ጭነው የመጡ ነበሩ። ሴቶቹ ቀድመው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ድንጋይ አግለው፣ የባሕር ቀንድ አውጣውንና ሥጋውን፣ ድንቹንም ደርድረው በቅጠል እየከደኑ ነበር። ያስመዘገበ አንድም ሰው የለም። እንባዬ መጣ፤ ጉንፋን ነው አልኩ።

የብረት ምድጃውን አወጣን። ሌላው ሁሉ አክስቴ እንዳለችው ባለበት ቀረ፤ ጠረጴዛው፣ ወንበሯ፣ የሬዲዮው መደርደሪያ በምስማር ከወለሉ ጋር ተመታ። በርሜሎቹ በዙሪያው ሲታሰሩ አክስቴ እየዳበሰች ደረጃውን ወጣችና ገብታ ተቀመጠች።

ዶን ባውዲሊዮ ከደጅ ጮኸ። «ዶኛ ኦርፌሊና፣ ይውረዱ! ሰው ከውስጥ እያለ ቤት ባሕር አላስገባም።»

«ታዲያ አታስገባ።»

«ቢሰምጥስ?»

«ቢሰምጥ እኔ ዳር ላይ ቆሜ ምን እሠራለሁ?»

ዶን ባውዲሊዮ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺስ?» አለኝ። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ መዋኘትም አልችልም። ሆኖም እግሬ ደረጃውን ወጣ።

ከዚያ ጩኸቱ ተነሳ። ዶን ባውዲሊዮ አንዴ ሲጣራ በሬዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ፤ ቤቱ አቃሰተ፣ ጣሪያው አቧራ አራገፈብን፤ ተንቀሳቀስን። ረግረጉ ላይ አድርሰውን በሬዎቹን ፈቱና ባሕሩ እስኪሞላ ተጠበቀ። አክስቴ ከወንበሯ ወርዳ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሁለት መዳፏን ሳንቃው ላይ ዘርግታለች። እኔ በመስኮቱ ቀዳዳ ውሃውን አያለሁ፤ ገና በርሜሎቹን እየላሰ ነው።

«ተነሳን» አለች አክስቴ።

«ገና ነው፤ ውሃው...»

«ተነሳን አልኩሽ።»

እውነቷን ነበር። ቀና ብዬ ሳይ መስኮቱ ውስጥ የነበረው የጎረቤታችን የሮሳሜል ጎጆ የለም፤ ቦታው ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ መጥቷል። እሱም ቀስ ብሎ አለፈ። ቀጥሎ ዛፎቹ፣ ቀጥሎ ባዶ ውሃ። ክፍሉ ያው ክፍል ነው፤ የቀን መቁጠሪያው ግድግዳው ላይ፣ እርሳሶቹ ጣሳው ውስጥ፤ ዓለም ግን በመስኮቶቻችን እያለፈ ይሄዳል። ጀልባዎቻችን ገመዱን ወጥረው ከፊት ይጎትታሉ። ከኋላ የሚከተሉን ትናንሽ ጀልባዎች ላይ ሰዎች ቆመው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዩናል። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሊሰማኝ ይገባ የነበረው ነገር ያኔ ተሰማኝ።

«ምን ይታያል?» አለች አክስቴ።

መስኮቱ ላይ ተደገፍኩ።

«ተናገሪ እንጂ። ሁልጊዜ ምላስሽ አያርፍም፤ ዛሬ ምን ነካሽ?»

«አክስቴ፣ እንዴት ብዬ ልንገርሽ... ሁሉም ሰው አለ። ሁሉም።»

መሀል ላይ ስንደርስ ጅረቱ ያዘን። ቤቱ በአንድ ጎን አዘነበለ፣ ውሃ በሳንቃዎቹ መሀል ፈልቶ ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። አክስቴ እጄን ፈልጋ ያዘች። «ፈርቻለሁ» አለች። ይህንንም ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። «እኔም» አልኳት። ተቃቅፈን ውሃው ላይ ተቀመጥን። ከውጭ የዶን ባውዲሊዮ ድምፅ፣ ከዚያ የሞተሮቹ ጩኸት፤ ቤቱ ቀስ በቀስ ቀና አለ። ያ ውሃ እንዴት እንደወጣ ዛሬም አላውቅም።

ማዶ ስንደርስ የዚያኛው ዳርቻ ሰዎች የራሳቸውን በሬ ጠምደው ውሃ ውስጥ ቆመው ጠበቁን። ከማቆሚያው ፈንጠር ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ጎትተው አቆሙን። አክስቴ ተነስታ በክፍሉ ዞረች፤ መሳቢያውን፣ መደርደሪያውን፣ ካፖርት መስቀያውን። «ሁሉም አለ» አለች። ሳቀች። በሩን ከፍታ እግሯን ወደ ውጭ አወጣች፤ ያኔ ቀጥ አለች።

ውጭው ሌላ ነው። ነፋሱ ከሌላ ጎን ይመጣል፤ ከእግሯ ሥር ጠጠር እንጂ የምታውቀው ጭቃ የለም። ማቆሚያው በየት እንደሆነ አታውቅም። ጀልባዎቹን በየቀኑ ወርዳ የምትቀበለው እሷ ናት። ጡረታ በጠየቀችኝ ቀን ጀልባው ላይ ያየሁት ነገር ፊቷ ላይ ተመለሰ። ቤቱን አመጣነው፤ መንገዱን ግን ማንም አላመጣላትም። በዕቅዴ ውስጥ አልነበረም።

ዶን ባውዲሊዮ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ መጥቶ ፊቷ ቆመ። «ትከሻዬን ይንኩ፤ እዚህ ነኝ» አላት። ከሱ ጥቂት እልፍ ብሎ ሮሳሜል ቆመና «እኔም እዚህ ነኝ፣ ዶኛ» አለ። ከሱ ወዲያ ሚስቱ ኖልፋ። ማንም አላዘዘም። አንድ በአንድ እየመጡ እስከ ማቆሚያው ድረስ ተሰለፉ፤ ጫፉ ላይ ሰው ሲያልቅ ሮጬ ሄጄ እኔ ቆምኩ። አክስቴ ትከሻ ከትከሻ እየነካች መጣች። «አንተ ደግሞ መታጠብ አትወድም። አንቺ ከስተሻል፤ ምን ሆነሽ ነው?» እያለች ሁሉንም አገኘቻቸው። እኔ ጋ ስትደርስ የራሰ ፊቴን ዳበሰች።

«የባሕር ውሃ ነው?»

«ባሕር ነው» አልኩ።

«ውሸታም።»

ሰዉ በጀልባ የተሻገረውን ምግብ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ በሬውን ነድቶ ተበተነ። ሰኞ ጠዋት ዝናብ ነበር። የመጀመሪያዋ ጀልባ መሪ መድረሱን በሬዲዮ ሲናገር አክስቴ ካፖርቷን ለበሰች። ክንዴን ልሰጣት ብድግ ስል «ቁጭ በይ» አለችኝ። በመስኮቱ አየኋት። ሜዳው ላይ ማንም አልነበረም። እጇን ትንሽ ወደ ፊት ዘርግታ፣ እንደ ሰላምታ ድምፅ አውጥታ፣ «ባውዲሊዮ» አለችና አለፈች፤ «ሮሳሜል» አለችና አለፈች፤ «ኖልፋ» አለች። ለእያንዳንዱ ስም አንድ አፍታ ቆም እያለች፣ ቀጥ ባለ መንገድ፣ በዝናቡ ውስጥ ሄደች። የማቆሚያው ጫፍ ስትደርስ «ኢልዳ» አለችና ቆመች። ከዚያ ወዲያ ውሃ ነው።