በአራት ጣት የጠበበው ኮሪደር

«አይዞርም፤» አለ ፌሊም ሜትሩን እየጠቀለለ። «ሦስቴ ለካሁት። አራት ጣት ይጎድላል።»

ኡና ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ የሰማችውን ማመን አቃታት። ውጭ ካፊያው የሬሳ መኪናውን ጣሪያ ይመታል። አባቷ ኮልማን መኪናው ውስጥ በሳጥኑ ተኝቶ፣ ወደ ገዛ ቤቱ እስኪያስገቡት ይጠብቃል። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤቱ ሁሉ ሳንድዊቹንና ኬኩን በፎጣ ሸፍኖ ቆሟል፤ ሟች ሳይገባ ለቀስተኛ አይገባምና።

ፌሊም በዚያ የሜዮ አውራጃ ባሕር ዳርቻ ሰው ሲቀብር ሃያ ዓመቱ ነው፤ ክፉ ወሬ በዝግታ መናገር ያውቅበታል። «የውጭውን በር ያልፋል። ከኮሪደሩ ወደ ሳሎን ሲታጠፍ ግን ግድግዳው ይይዘዋል። አቁመን ብናስገባውስ?»

«ባሌ ቅዳሴ ላይ እንኳ ቆሞ አያውቅም፤» አለች የኡና እናት ኑላ ከወንበሯ ሳትነሳ። «ዛሬ አታቆሙትም።»

«በመስኮትስ?»

«ሌባ ነው?»

«እንግዲያው ከተማ ያለው የእኔ የሬሳ ማሳረፊያ አዳራሽ...»

«ፌሊም፣ ኮልማን ይህን ቤት ሲሠራ አንተ አልተወለድክም። ቤቱ ይገባል።»

ከበሩ በኩል አንዱ ለቀስተኛ ሳቁን በሳል ሲሸፍን ኡና ሰማች። ፊቷ ጋለ። ለምን እንደሚስቁ ታውቃለች።

ኮልማን አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ቤት የለሰነ ሰው ነው። እርጥበት የጠገበውን የድንጋይ ቤት ከውስጥ ጂፕሰም ቦርድ አልብሶ ያሞቃል፤ ከውጭ በሲሚንቶና በኖራ ለስኖ ዝናብ ያስቆማል። በዚያ አገር ዝናብ ማስቆም ቀላል ሙያ አይደለም። እሱ የታወቀው ግን በሌላ ነገር ነበር። ቦርዱን ከመምታቱ በፊት የኮሪደሩ መታጠፊያ ላይ ሜትሩን ይዘረጋና ባለቤቱን ይጠራል።

«እዚህ ጋ ቀጭኑን ነው የምመታው፤» ይላል።

«ለምን?»

«አንተ የምትወጣበት ነዋ።»

ይህን ያልሰማ የለም፤ አዲስ ተጋቢዎች ሳይቀሩ ሰምተውታል። አንዷ ሙሽራ እያለቀሰች እናቷ ዘንድ ሄዳ ነበር ይባላል። ወጣት ለሳኞችን ደግሞ «የሳጥን መዞሪያ የማይተው ሰው ለሳኝ አይደለም፣ አሸዋ አባካኝ ነው» እያለ ሲሰድባቸው ኖሯል። ዛሬ ታዲያ የእሱ ሳጥን አልዞር አለ።

ኡና ጥፋቱን ለራሷ ነው የሰጠችው። ከሁለት ክረምት በፊት እናቷ በሳንባ ምች ሆስፒታል ስትተኛ፣ ከምትኖርበት ከጎልዌይ ከተማ ደውላ አባቷ ላይ ጮኸችበት። «የአገሩን ቤት ሁሉ ስታሞቅ ኖረህ የእማዬ ኮሪደር በረዶ ቤት ነው! ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት ይኼ ነው!» እናቷ ስትመለስ ግን ኮሪደሩ ከጀርባው ሙቀት የሚይዝ ፎም ያለበትን ወፍራሙን ቦርድ ለብሶ፣ ተለስኖና ተቀብቶ ጠበቃት። ያን ጊዜ አባቷ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ብቻውን ነው የሠራው። ተጣድፎ መለካቱን ረሳ፣ ያጣደፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ፣ አለች ኡና በልቧ።

ጋራዥ ሄዳ ከዕቃው መሃል የቦርድ መቁረጫ ቢላውን አመጣች። መታጠፊያው ላይ ተንበርክካ ስለቱን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

«ትንሽ ብቆርጥለት ይበቃል፤» አለች። «ከቀብሩ በኋላ እኔው መልሼ እገጥመዋለሁ።»

«ኡና፣ ያንን ግድግዳ ብትነኪው እጅሽን ነው የምሰብረው፤» አለች እናቷ።

«እማዬ፣ ሰው እየሳቀበት እኮ ነው!»

«ይሳቅ።»

ነገሩን የፈታው ማይሊ ነው። ማይሊ ከኮልማን ጋር ሠላሳ ዓመት ቦርድ የተሸከመ አጭር ሽማግሌ ነው። ቆቡን አውልቆ ገባና ኮሪደሩን ከላይ እስከ ታች አየው። «አልዞርም ያለው ሳጥኑ ነው እንጂ ኮልማን መች አልዞርም አለ?» አለ። «አያቶቻችን ሲሞቱ አልጋ ላይ አይደል እንዴ የሚተኙት? ሰውየውን አምጡልኝ። ሳጥኑ ጋራዥ ይደር።»

ወፍራም አንሶላ አነጠፉለት። ፌሊምና ሦስት ጎረቤቶች አንሶላውን ከአራቱ ጥግ አነሱ፤ ኡና ጭንቅላቱን በክንዷ ደገፈች። የአባቷ ጭንቅላት እንዲህ ከባድ መሆኑን አታውቅም ነበር። ማይሊ ከፊታቸው ወደ ኋላ እየተራመደ ልክ እንደ ሥራ ቀን ይመራል።

«ቀስ... ወደ ግራ... ጥግ! ጥጉን እዩ... ትንሽ ከፍ... ገባ!»

ሥራ ላይ «ገባ» ማለት የኮልማን ድርሻ ነበር። ማይሊ ቃሉ ካፉ ከወጣ በኋላ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

በማግስቱ ቤቱ በሰው ተሞላ። የሚገባው ሁሉ ሳሎን የተዘረጋለት አልጋ አጠገብ ይንበረከካል፤ የኮልማንን እጅ ነካ ያደርጋል፤ ለኑላ «ለሐዘንሽ አዝናለሁ» ይላታል፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ ሻይ ይዞ ወሬውን ይጀምራል። ኡና ሲኒ እያጠበች ጆሮዋ ከኋላዋ ነው።

«የሰውን ሁሉ ኮሪደር ሲለካ የኖረ ሰውዬ!»

«የእኛን ሁለቴ ነው የለካው፤» አለች ከላይኛው ቤት የመጣችው ጎረቤት ዴሊያ። «ባሌ ግን አስራ አምስት ዓመት ሞላው፣ ይኸው አልወጣም።»

ሳቁ ወጥ ቤቱን ሞላው። በክፋት እንዳልሆነ ኡና ታውቃለች፤ በለቅሶ ቤት ያልተሳቀለት ሰው ያልተወደደ ነው ይባላል። ግን ሆዷ ባባ። አባቷ ሀብት አልነበረውም፤ የነበረው የሙያ ስሙ ነው። እሱንም ይዞ እንዳይሄድ ያደረገችው እሷ መሰላት።

አየር ልትወስድ ወጥታ የቤቱን የውጭ ግድግዳ ተደገፈች። ጠጠሩ በሹራቧ በኩል ጀርባዋን ቆረቆራት። ይህን ግድግዳ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት በጋውን ሙሉ ከአባቷ ጋር ለስነውታል። እሱ ልስኑን ይመታል፤ እርጥብ ሳለ ደግሞ ታጥቦ የተነጠፈውን ጠጠር በአካፋ እየዛቀ ይወረውርበታል። ጠጠሩ እንደ ዝናብ ድምፅ እያሰማ ይጣበቃል። እሷ ስትወረውር ግማሹ ይረግፋል።

«ዶሮ እየቀለብሽ ነው?» ይላታል። «በጉልበት አይደለም፤ በእጅ አንጓ ነው። እንደገና!»

መስኮቱ ላይ ሬዲዮ አስቀምጠው ኳስ ይሰማሉ፤ የሜዮ ቡድን እንደ ልማዱ ይሸነፋል፤ እሱ ሬዲዮውን ይሳደባል፤ እናቷ በመስኮቱ ዳቦና ቅቤ ታቀብላቸዋለች። አንድ ቀን በመንገዱ በኩል ሁለት ጊዜ፣ በባሕሩ በኩል ሦስት ጊዜ ደራርቦ ሲለስን አይታ ጠየቀችው።

«ሰው የሚያየው እኮ በመንገዱ በኩል ነው፣ አባዬ።»

«ሰው ያያል። ባሕሩ ግን ይመታል።»

ያ በጋ ምነው ባላለቀ! ልብሷ ሳይታይ እስኪቀር ኖራ ተለቅልቃ፣ እጆቿ ተሰነጣጥቀው፣ ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏት አያውቅም። ደግሞስ ባሕርና መንገድ ለይቶ የሚለስን ሰው መለካት ይረሳል?

ስትመለስ ዴሊያ ሳሎን ገብታ ኑላን እያጽናናች ነው። «ምን ይደረግ፣ ሽማግሌ ይረሳል። ዕድሜ ነው እንጂ ኮልማን...»

«አልረሳም!» አለች ኡና በሩ ላይ ቆማ። «እኔ ነኝ ያጣደፍኩት። በስልክ ሰድቤው...»

ኑላ የባሏን እጅ እንደያዘች ቀና አለች።

«ማንም አላጣደፈውም፤ አልረሳምም፤» አለች። «ሆስፒታል ሳለሁ ልኬቱን በሲጋራ ወረቀት ጽፎ መጣ። ‹ኑላ፣ ለካሁት› አለኝ። ‹ቀጭኑን ብመታ እኔ እዞራለሁ፣ አንቺን ግን ይበርድሻል። ወፍራሙን ብመታ አንቺን ይሞቅሻል፣ እኔ አልዞርም።› ‹እንግዲያው ቀጭኑን ምታ› አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹እኔ የምወጣበት አንድ ቀን ነው። አንቺ በየቀኑ ታልፊበታለሽ።›»

ማይሊ ቆቡን ጭኑ ላይ አዟዟረው። ዴሊያ ወደ ባሏ ዞረች።

«አንተ ቀጭኑን ነው የመረጥከው፣ አይደል?»

ባልየው ሻዩ ውስጥ አቀረቀረ። አንዱ በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቀ፤ ኑላም ሳቀች። የአሁኑ ሳቅ ኡናን አልከበዳትም። እናቷ በጣቷ ጠርታ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«የስልክሽን ነገርም ነግሮኛል፤» አለቻት ዝቅ አድርጋ። «‹ልጅቷ እውነቷን ነው› ነው ያለኝ።»

ኡና አባቷ ከሞተ ወዲህ ያን ጊዜ ገና አለቀሰች። አንሶላውን ጨምድዳ፣ እንደ ልጅ ድምፅዋን አውጥታ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በገባበት አኳኋን አወጡት። ማይሊ መራ፣ ኮሪደሩ ጠበባቸው፣ የፌሊም ክርን ቀለሙን ጫረው፣ ጥጉን አለፉ። ሳጥኑ ውጭ ሁለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር። ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ነው፤ የወንዶቹን ከረባት ትከሻቸው ላይ ይጥለዋል። ካስተኙት በኋላ ፌሊም ክዳኑን አነሳ።

«ቆይ፤» አለች ኑላ።

የሱፍ ሹራቧን ቁልፉን አንድ በአንድ ፈትታ አወለቀችው። ጎንበስ ብላ የባሏን እግሮች ጠቀለለችበት፤ እጅጌዎቹን ከሥር አሳልፋ አሰረቻቸው፤ ጠበቅ ማለቱን በጣቷ ሞከረች።

«እግሩን ይበርደዋል፤» አለችው ለፌሊም። «የእኔን ብርድ ሲያወራ የራሱን ተናግሮ አያውቅም።»

በሸሚዟ ብቻ ነፋሱ ውስጥ ቆማ አንድ ጊዜ አየችው።

«በል፣ አሁን ግጠመው።»