የጻፈው ሰው ይነሳ

ቦይለር ቤቱ ከፋብሪካው ዋና ሕንፃ ኋላ፣ ከአሮጌ ብረት ክምር ማዶ ነው ያለው። ሃያ ሁለት ዓመት እዚያ ሠርቻለሁ። ወደ እኔ የሚመጣው ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ እንፋሎት ቀነሰ ብሎ ሊጮህብኝ የሚመጣ፣ አለዚያም መጸዳጃ ቤት ፈልጎ መንገድ የጠፋበት። ስሜን የሚያውቅ የለም፤ "ጭሱ" ነው የሚሉኝ። ወጣቶቹ ለክብሬ ነው መሰል "ጋሽ ጭሱ" ይላሉ። ክብር ከሆነ እንግዲህ ይሁን።

ፋብሪካው ጨርቅ ያቀልማል። እንፋሎት ከሌለ ውሃው አይፈላም፣ ውሃው ካልፈላ ቀለሙ አይይዝም። ጎብኚ ሲመጣ ግን ይህን የሚናገር የለም። ጎብኚ በቀጥታ ወደ ማቅለሚያ ክፍል ይወሰዳል፣ እዚያም ባለቀለሙ ይቀበለዋል። ባለቀለሙ የክፍሉ ኃላፊ ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ሰማያዊ፣ አንደበቱ ለስላሳ። ከእሱ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ትእዛዝ ዥንጉርጉር ሆኖ ወጣ። አራት ሺህ ሜትር ጨርቅ፣ እንዳለ ውዳቂ። የያኔው ሥራ አስኪያጅ ሁላችንንም ሰብስቦ "ማነው ያጠፋው?" አለ። ባለቀለሙ አንገቱን ደፍቶ "እንፋሎት ወርዶብኝ ነው" አለ። በቃ። እኔ "አልወረደም" ብል ማን ሊሰማኝ? ብቻዬን ነው የምሠራው፣ ምስክር ከየት ላምጣ። ፎርማን ልሆን ደብዳቤዬ ተጽፎ ፊርማ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ተቀደደ። ባለቤቴ እንኳ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ትንሽ ሸለብ አድርጎህ እንዳይሆን?" አለችኝ። ይቺን ቃል ይዛብኝ ሞተች።

ዘንድሮ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ "ሠራተኛው የሚለቅብን እርስ በርሱ ስለማይተዋወቅ ነው" ብሎ አንዲት ወጣት ቀጠረ። ሥራዋ የውስጥ ግንኙነት ነው ተባለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳራሽ እየሰበሰበች በማይክራፎን ስለምታናግረን "ማይኳ" አልናት። እውነቱን ለመናገር ቦይለር ቤት ድረስ ሰላም ልትለኝ የመጣች እሷ ብቻ ናት። ነጭ ጫማ አድርጋ ነበር፤ ስትወጣ ነጭ አልነበረም።

"ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ ብቻዎን ነው የሚውሉት?"

"ከማን ጋር ልዋል? ቦይለሩ አለ አይደል።"

ሳቀችና ስልኬን ጠየቀችኝ፣ መልእክት የሚተላለፍበት ቡድን ውስጥ ልታስገባኝ። አውጥቼ አሳየኋት።

"ውይ፣ ይቺማ ቴሌግራም አትችልም።"

"ሲደወልላት ታነሳለች። ከዚያ በላይ ጠይቄያት አላውቅም።"

"ግድ የለም፤ አዲስ ነገር ሲኖር ሰው እልክብዎታለሁ።"

ሰው አልላከችም። ተንኮል እንዳልነበረባት አሁን አውቃለሁ፣ ረስታኝ ነው። እኔን መርሳት ደግሞ ለማንም ቀላል ነው።

ካመጣቻቸው ነገሮች ሁሉ ሰው የወደደላት የምስጋናውን ሳጥን ነው። ካፍቴሪያው በር ላይ አረንጓዴ ሳጥን ሰቀለች። ያመሰገንከውን ሰው ጽፈህ ትከታለህ፣ የራስህን ስም አትጽፍም፣ ቅዳሜ እሷ ታነበዋለች። የተመሰገነው ይነሳል፣ ይጨበጨብለታል። ልጅነት ነው ብዬ ናቅኩት። የናቅኩትን ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሸሚዝ ተኩሼ እሄድለት ጀመር።

ሰባት ቅዳሜ ጠበቅኩ። ዘበኛው አራት ጊዜ ተመሰገነ፣ ጥርሱ ስለማይከደን ነው እንጂ ምን ሠራ? የአጣፊ ክፍል ሴቶች እርስ በርሳቸው ተመሰጋገኑ። በሰባተኛው ቅዳሜ የካፍቴሪያዋ ድመት ሳትቀር አይጥ ስለያዘች ተመሰገነች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ለድመት። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ የተተኮሰውን ሸሚዝ ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ማክሰኞ ጠዋት የውሃ ፓምፑ ቀበቶ ተበጠሰ። ቦይለር ውሃ ካጣ ወይ እሳቱን ታጠፋለህ ወይ ታብዳለህ። ባጠፋ ማቅለሚያ ክፍል ያለው ጨርቅ ሁሉ ሊበላሽ ነው፣ ከዚያ "ጭሱ ነው" ሊባል ነው። የእጅ ፓምፑን ያዝኩ። ውሃው ከፍ ሲል ሮጬ አዲሱን ቀበቶ እገጥማለሁ፣ ዝቅ ሲል ሮጬ ተመልሼ እገፋለሁ። አርባ ደቂቃ። በስተመጨረሻው ፓምፑ ተነሳ፣ እኔ ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ግፊቱ ከስድስት አልወረደም። ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። ማንም አልመጣም። እንፋሎት ሳይጠፋ ሲቀር ማን ይመጣል?

ሐሙስ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። በግራ እጄ፣ ጽሕፈቴ እንዳይታወቅ። እንዲህ ይላል፦ "ማክሰኞ ጠዋት የፓምፑ ቀበቶ ሲበጠስ የቦይለር ሠራተኛው እሳቱን ሳያጠፋ አርባ ደቂቃ በእጁ ውሃ እየገፋ እንፋሎቱን ስላላቋረጠብን አመሰግነዋለሁ። ይህ ሰው ብዙ የተበደለ ሰው ነው።" የመጨረሻዋን ባልጨምራት ይሻል ነበር። ግን ብዕሩ በእጄ ነበር፣ ጨመርኳት።

ቅዳሜ ስድስት ወረቀት ካነበበች በኋላ የእኔን አወጣች። ከኋላ ወንበር ሆኜ ኮሌታዬን አስተካከልኩ። ጥርት አድርጋ አነበበችው፣ "ብዙ የተበደለ" ስትል ድምጿ ራሱ ሳሳ። ሰዉ ዞሮ አየኝ። ተነሳሁ። ተጨበጨበልኝ። ሰማይ ልነካ ምንም አልቀረኝ።

"እንግዲህ በቡድናችን ላይ እንዳስታወቅኩት" አለች ማይኳ፣ "ከዛሬ ጀምሮ የጻፈው ሰው ይነሳና ያመሰገነውን ይጨብጠዋል። ፊት ለፊት መመሰጋገን ባህላችን ይሁን! ጋሼን ያመሰገነው ማነው? ይነሳ።"

በስልክ ነዋ ያስታወቀችው። አዳራሽ ሙሉ ሰው ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። ለካ ቀደም ብሎ ስድስቱ ሲነበቡ ሰው እየተነሳ ሲተቃቀፍ ያየሁት ይሄ ኖሯል፤ እኔ የራሴን ስጠብቅ ልብ አላልኩትም።

ማንም አልተነሳም።

"አትፈሩ እንጂ!" አለች።

ከመካከል ኤሌክትሪሻኑ፣ ነገር ቶሎ የሚገባው፣ አፉ የማያርፍ ሰው፣ እጁን አወጣ። "ይቅርታ፣ ማክሰኞ የፓምፑ ቀበቶ ሲበጠስ ማን ነበር እዚያ? እኔ እንኳ አልሰማሁም። ጋሽ ጭሱ ቤት ከጋሽ ጭሱ በቀር ማን ገብቶ ያውቃል?"

"ቦይለሩ ይሆናላ የጻፈው!" አለ አንዱ።

"ቦይለሩ ነው የተበደለው!"

ሳቁ ከፊት ጀምሮ ወደ ኋላ መጣ። መቀመጥ አልቻልኩም፣ መቆምም አልቻልኩም። ማይኳ ወረቀቱን አየችና ወደ እኔ አየች፤ ገብቷታል። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ማንም ሳያየኝ ኖሬ በዚያች ቀን ሁሉም አየኝ።

"እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ባለቀለሙ ነው። ከግድግዳው ሥር ተነስቶ ቆሟል። ሳቁ እንደተቆረጠ ገመድ ቀጥ አለ። በወንበሮቹ መካከል ቀስ ብሎ እየተራመደ ፊቴ ቆመና ያንን ሰማያዊ እጁን ዘረጋ። ዓይኑን ቀና አድርጎ አላየኝም። ምን ላድርግ? ጨበጥኩት። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። አንዱ ፎቶ አነሳን።

ሰኞ ጠዋት ማቅለሚያ ክፍል ሄድኩ። ከዚያ ነገር ወዲህ ረግጬው አላውቅም። ወለሉ ርጥብ ነው፣ ማሽኖቹ ይጮሃሉ። ባለቀለሙ ጥግ ላይ ቁራጭ ጨርቅ መብራት ሥር ይዞ ያያል።

"ማን አርግ አለህ?" አልኩት።

"ቁጭ በል።"

"አልቀመጥም።"

"እንግዲያው ቁም።" ጨርቁን ዘቅዝቆ ማየቱን ቀጠለ።

"አንተ አልጻፍከውም።"

"አልጻፍኩትም። የጻፈውን ግን አውቀዋለሁ።"

ፊቴ ጋለ። "የማክሰኞውንስ ማን ነገረህ?"

በአገጩ ከበርሜሎቹ ኋላ ያለውን ግድግዳ አሳየኝ። የግፊት መለኪያ። ቧንቧውን የዘረጉት ሰዎች ከእኔ በፊት የገጠሙት እንደሆነ ኋላ ነው የሰማሁት፤ መኖሩን አላውቅም ነበር።

"ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መርፌዋ ተንቀጠቀጠች" አለ። "ወረደች ስል ተመለሰች። ወረደች ስል ተመለሰች። ይሄ ሰውዬ ዛሬ ከአንድ ነገር ጋር ትግል ገጥሟል አልኩ።"

"አልክ? ለማን?"

"ለራሴ ነዋ። እዚህ ማሽን ውስጥ ለማን እላለሁ?"

መርፌዋን አየሁ። ስድስት ላይ ቆማለች። ጭንቅላቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ዞረ።

"ያን ጊዜም ይሄ መለኪያ ነበር?"

ወደ ጨርቁ ተመለሰ።

"አንተን እኮ ነው። ጨርቁ የተበላሸ ቀን ስንት ነበር?"

"ስድስት" አለ። ጨርቁን አስቀመጠው። "አልወረደም። ጨውን ያለጊዜው ጨመርኩት፣ ቀለሙ እኩል ሳይዳረስ ባንዴ ያዘና ዥንጉርጉር ሆነ። እኔ ነኝ።"

አሥራ አንድ ዓመት ይህን ቃል ስሰማ ምን እንደማደርግ አስቤያለሁ። ጉሮሮውን እይዘዋለሁ ብዬ ነበር። እንደቆምኩ ቀረሁ። ወይ እኔ! ያቺ ቃል እንኳ ከማሽኑ ጩኸት ጋር ተቀላቅላ ነው የመጣችው፤ ለሌላ ሰው ልድገማት ብል ማን ያምነኛል?

"ቅዳሜ ተነስተህ ለሁሉም ተናገር።"

"ጡረታ ልወጣ ሦስት ወር ነው የቀረኝ።"

"ከወጣህ በኋላ ንገራቸዋ።"

"ከወጣሁ በኋላማ ማን ይሰበሰብልኛል?"

"እኔ እናገራለሁ።"

"ተናገር።" ድካም እንጂ ክፋት አልነበረበትም። "ያኔ ወረቀቱን ማን እንደጻፈው ይጠይቁሃል።"

ወጣሁ። ደህና ዋልም አላልኩት።

በዚያው ሳምንት ፎቶአችን ተለቅ ብሎ ታትሞ መግቢያው ላይ ተለጠፈ። ሁለት ሽማግሌ ተጨባብጠው፣ ከላይ "መመሰጋገን ባህላችን ነው" የሚል። ጎብኚ እዚያ እየቆመ ያያል። የማይወዱኝ ሰዎች ሰላም ይሉኝ ጀመር። ኤሌክትሪሻኑ "ጋሽ ጭሱ፣ ታዋቂ ሆኑ እኮ፣ ከእኛ ጋር ይነጋገራሉ ወይስ በጸሐፊ ነው?" አለኝ። ቦይለር ቤት ግን ማንም አልመጣም።

ቅዳሜ ማይኳ ሁለታችንንም ወደ ፊት ጠራችን። "በተለያየ ክፍል እየሠራችሁ እንዴት እንዲህ ተግባባችሁ? ለወጣቶቹ ንገሯቸው" ብላ ማይክራፎኑን ለእኔ ሰጠችኝ። ከብዶኝ ያዝኩት። ያ ቀን ይኸው መጣ። ሰዉ ሁሉ ከፊቴ ነው፣ ድምፄን የሚያጎላ ነገር እጄ ላይ ነው፣ የበደለኝ ሰውዬ አጠገቤ ነው። ዞሬ አየሁት። ሰማያዊ ጣቶቹን እያፍተለተለ ወለሉን ያያል። "ይሄ ሰው..." አልኩ። "ብዙ የተበደለ" የምትለዋ ቃል ትዝ አለችኝና ሳቃቸው እንደገና ጆሮዬ ውስጥ ተነሳ። "ይሄ ሰው እንፋሎት ይፈልጋል። እኔ እልክለታለሁ። ሌላ ነገር የለንም።"

ሳቁ፣ አጨበጨቡ። ቀልድ መሰላቸው።

ባለቀለሙ ማይክራፎኑን ከእጄ ወሰደ። ሁለት ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ይሄ ሰው" አለ፣ "ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድም ቀን እንፋሎት ወርዶብኝ አያውቅም። አንድም ቀን። ያ... ያ ጨርቅ ዥንጉርጉር ሆኖ የወጣ ቀንም ቢሆን።"

እንግዲህ ተናገረው። በሁሉም ፊት፣ በማይክራፎን ተናገረው። ዓይኔን ወደ ሰዉ ወረወርኩ። የያኔው ሥራ አስኪያጅ ከሄደ ቆይቷል። ያን ጊዜ ከነበሩት አራት ሰው ቢቀር ነው፤ አንድ በአንድ ፈለግኳቸው። ዘበኛው እንደልማዱ ጥርሱን ገልጦ ያጨበጭባል። አንዷ አጣፊ ስልኳን ትነካካለች። ሦስተኛው ያንቀላፋል። አራተኛውን አላገኘሁትም። ሌሎቹ ወጣቶች ናቸው፣ ስለየትኛው ጨርቅ እንደሚያወራ በምን ይወቁት?

"እንዴት ደስ ይላል!" አለች ማይኳ፣ ማይክራፎኑን ተቀብላ ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፈች።