መብራት ሲጠፋ ያልቆመው ክላርኔት

አብርሆት ቦንጋ ውስጥ ክላርኔቷን የሚያጅብላት ሰው ስላጣች የምትለማመደው ከተቀዳ ሙዚቃ ጋር ነው። ስልኳን በጋሽ ሱሩር ሱቅ ካለው ትልቅ ስፒከር ጋር በገመድ ታገናኝና ከቫዮሊኖቹና ከቼሎው ጋር ትነፋለች። ሙዚቃው የሚፈጥንበት ቦታ ላይ ግን ሁልጊዜ ጥለዋት ይሄዳሉ።

ቅዳሜ ከሰዓት እዚያው ቦታ ላይ ስትደርስ መብራት ጠፋ። ስፒከሩ ዝም አለ፤ ሙዚቃው ግን ስልኩ ውስጥ ድምፅ ሳይሰማ መሄዱን ቀጥሏል። አብርሆትም አላቆመችም። ምቱን በእግሯ እየመታች ብቻዋን ነፋች።

መብራቱ ሲመለስ ቫዮሊኖቹ ከእሷ ጋር እኩል ሆነው ተሰሙ። ሳቋ ቢመጣም ክላርኔቱን ከአፏ ሳትለይ እስከ መጨረሻው ዘለቀች።

«ጋሽ ሱሩር፣ ሰሙልኝ? ዛሬ አልቀደሙኝም» አለች እያለከለከች።

«ሰማሁ እንጂ። በይ ድገሚው» አሉና ድምፁን ከፍ አደረጉላት።