ዝሆን፣ በቅሎ እና ፌንጣ

ንቢት መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ነች። ስሙን ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ በልጅነቷ አንድ ምግብ እንኳ ሳትነሳ ሳትቀመጥ በልታ አታውቅምና። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ብሶባታል። ከወንድሟ ጋር በምትሠራበት የብስክሌት ሱቅ ውስጥ ከበሩ እስከ መጠገኛ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው እስከ በሩ ስትመላለስ ወለሉን ልትቦረቡረው ምንም አልቀራት።

ምክንያት አላት። አስመጪው ሦስት የኤሌክትሪክ የተራራ ብስክሌቶች ለሙከራ ልኮላቸዋል፤ ከሦስቱ አንዱን ይመርጡና ዘንድሮ የሚሸጡትም የሚያከራዩትም እሱን ብቻ ይሆናል። ሦስቱም ባትሪና ሞተር አላቸው፤ ፔዳሉን ሲረግጡት ሞተሩ አብሮ ይገፋል። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ንቢት ገና ከካርቶን ሳይወጡ ስም አወጣችላቸው። ከባዱ፣ ጎማው የወፈረው፣ ሞላው የረዘመው "ዝሆን" ተባለ፤ ድንጋይና የዛፍ ሥር ላይ ቁልቁል ለሚወረወሩ ሰዎች የተሠራ ነው። ትልቅ ባትሪ የተሸከመው "በቅሎ" ሆነ፤ ጠዋት ወጥቶ ማታ ለሚገባ መንገደኛ። ሦስተኛው ቀጭን ነው፣ ሞተሩም ትንሽ፣ በአንድ እጅ ብድግ ይላል፤ ከሥራ በኋላ ጫካ ውስጥ ሽው እልም ለሚሉ። እሱን "ፌንጣ" አለችው።

"የሚያዋጣን ዝሆን ነው" ስትል ሰነበተች። ለምን ቢሏት፣ ለወንድሟ የሚመጥነው እሱ ነዋ! ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው "ቁልቁሌ" በሚል ቅጽል ነው። ከሱቁ በላይ ካለው ጫካ የሚወርድ አንድ መንገድ አለ፤ የዛፍ ሥሩ ደረጃ ስለሠራበት ጋላቢዎች "መሰላሉ" ይሉታል። ቁልቁሌ እሱን መንገድ ፍሬን ሳይነካ ይወርደዋል ይባልለት ነበር። ነበር ነው እንግዲህ። አምና እዚያው መሰላሉ ላይ ወድቆ ክንዱ ተሰብሮ ወራት ተኛ። አሁን ድኗል፤ እሱ ድኛለሁ ብሏል። ንቢት ደስታዋን የምታደርግበት አጥታ ዛሬ ማለዳ በትልቅ ወረቀት ላይ "ቁልቁሌ ተመልሷል! ነገ ጠዋት መሰላሉን እየመራ ያወርደናል" ብላ ጻፈችና በሩ ላይ ለጠፈችው። ማን ጠየቃት? ማንም።

ቁልቁሌ መጥቶ ወረቀቱን አነበበ። "ጽሕፈትሽ ያምራል" አለና ገባ።

እና ምን ያቁነጠንጣታል? የወንድሟ ነገር አልጥም ስላላት ነው። ሰሞኑን ሦስቱንም እያፈራረቀ ብቻውን ወጥቶ ሞክሯቸዋል። ዝሆንን ነድቶ ሲመለስ ግንባሩን ቋጥሮ፣ "ቁልቁለት ላይ ይጎትታል" አላት።

"ምን? ጋሼ፣ ለቁልቁለት እኮ ነው የተሠራው!"

"ይጎትታል አልኩሽ። ክንድ ይገነጥላል።"

በቅሎን ስትጠይቀው ደግሞ ሱሪውን ገለብ አድርጎ የተላጠ ቅልጥሙን አሳያት። "ፔዳሉ አጉል ቦታ ነው የተቀመጠው። በተራመድ... በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይልጠኛል።"

"እግርህ እያመለጠህ ነው። የጫማህን ጭቃ እስቲ እየው! ይሄን ተሸክመህ ፔዳል እንዴት ይያዝልህ?"

ስለ ፌንጣ የተናገረው ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። "እሱ ጨዋ ነው። የያዙት ቦታ ይቆማል።" በፈጣሪ! ስለ ብስክሌት ነው የሚያወራው ወይስ ስለ ወንበር? ቁልቁሌ፣ ፍሬን ያስጠላኛል ይል የነበረው ሰውዬ! በዚያ ላይ መቆየቱ። ድሮ የሻይ ውሃ ጥዳ ሳይፈላ ከተፍ ይል የነበረ ሰው፣ አሁን ሻዩ ተፈልቶ፣ ተጠጥቶ፣ ብርጭቆው ታጥቦ እንኳ ብቅ አይልም። ንቢት እሱ ሲያመሽ ሰዓቷን ታያለች፣ በሩን ታያለች፣ ስልኳን ታያለች፣ ደግማ በሩን ታያለች።

ዛሬም ፌንጣን ለመጨረሻ ጊዜ ሊሞክር ነው። እሱ ውጭ ቆሞ ስልክ ሲያወራ፣ ንቢት እንደ ልማዷ ብስክሌቱን ከፊት እስከ ኋላ ፈተሸችው። አየር ደህና፣ ካቴና ደህና። ፍሬኑ ላይ ስትደርስ ዓይኗ ፈጠጠ። የፊቱ ፍሬን ግራ እጅ ላይ ነው! የሱቁ ሕግ የፊቱ ምንጊዜም በቀኝ፣ የኋላው በግራ ነው፤ ያስተማራት ራሱ ወንድሟ ነው። "አይ አስመጪ! እንዲህ አድርገህ ትልክልን?" ብላ እየተነጫነጨች ብሎኖቹን ፈታ፣ ሁለቱን እጀታዎች አቀያይራ አሰረቻቸው። ጨርሳ እጇን ሳትጠርግ ወንድሟ ገባ፣ ፌንጣን አወጣና ሽቅብ ተፈተለከ። አልነገረችውም። ምን ይነገራል? የተሳሳተ ነገር ነው ያቃናችው።

ብዙም ሳይቆይ የወንድሟ ሚስት፣ ልብስ ሰፊዋ፣ አንድ ጓንት ይዛ ቁና ቁና እየተነፈሰች መጣች። አንድ ብቻ፤ የቀኙን።

"ሄደ እንዴ? ይሄን ሳላጠልቅለት!"

ንቢት ሳቀች። "እትዬ ደግሞ! ራሱ አያጠልቅም? ሕፃን ነው?"

"በየትኛው ጣቱ? ከወደቀ ወዲህ ቀኝ እጁ መች ጨብጦ ያውቅና! ሸሚዙን የምቆልፍለት እኔ አይደለሁ?" አለችና የንቢትን ፊት ስታይ አፏን በጓንቱ ያዘች። "ወይኔ። አልነገረሽም?"

ንቢት ነገሩ ገባት። ግራ እጁ ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ ጠንካራውን የፊቱን ፍሬን ወደ ደህናው እጁ ያዞረው ራሱ ነው። እሷ ደግሞ፣ እጇ ይሰበርና፣ ወደማይጨብጠው እጁ መልሳለታለች። መሰላሉ ላይ የኋላውን ብቻ ይዞ የቆመ የለም፤ ጎማው ይቆለፍና ይንሸራተታል።

ስልክ ደወለች። የወንድሟ ስልክ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ከዚያ በኋላ አላሰበችም። ዝሆንን አንጠልጥላ አወጣች፣ ሞተሩን የመጨረሻው ኃይል ላይ አደረገችና በረረች። ሄልሜቷን እንኳ ያሰረችው መንገድ ላይ ነው። ሞተሩ እየጮኸ ዳገቱን ወጣላት፤ እሷ ግን ብስክሌቱ የቆመ መሰላት፣ እየረገመችው ረገጠች። "ባላይ ምን ነበረ! ባልነካ ምን ነበረ!" እያለች አፍ አውጥታ ታለቅሳለች። አቤት፣ ያን ቀበጥባጣ እጇን እንዴት እንደጠላችው!

መሰላሉ አናት ላይ ስትደርስ አንድም ሰው የለም። ወደ ታች የሚሄድ አንድ የጎማ መስመር አየችና ዝሆንን ለቀቀችው። ከባዱ ብስክሌት ሥሩን ምንም ሳይመስለው እየዋጠ ወረደ። የመጀመሪያውን ጥምዝ እንዳለፈች ወንድሟን አየችው።

አልወደቀም። እየነዳም አልነበረም። ያ ቁልቁሌ፣ ስሙ ሲጠራ ጎረምሳ ሁሉ ቀና የሚልለት ሰው፣ ከፌንጣ ጎን በእግሩ እየሄደ ነው። ግራ እጁ ፍሬኑን አንቆ ይዟል፣ ቀኝ እጁ ኮርቻው ላይ እንደ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። የኋላው ጎማ ተቆልፎ ጭቃው ላይ ይንሸራተታል፤ ብስክሌቱ ከመንገዱ ጎን ወዳለው ገደል ይስባል፣ እሱም አልለቅም ብሎ አብሮ ይሳባል።

"ልቀቀው!" ብላ ጮኸች። "ጋሼ፣ ልቀቀው!"

ለቀቀው። ፌንጣ ተንሸራቶ አንድ ግንድ ጋ ተገትሮ ቀረ። ወንድሟ ጭቃው ላይ ቁጭ አለ። ንቢት ዝሆንን ጥላ ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ይሄኛውን ትከሻ ትነካለች፣ ያኛውን እጅ ትዳስሳለች፣ ደህና መሆኑን አላምን ብላለች።

"ፍሬኑን ማን ነካው?" አላት።

"እኔ።"

"ይታያል። በደንብ ነው የታሰረው።"

ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ፤ የሷ ግን ሳቅ መሆኑ ቶሎ አበቃ። "ስንት ጊዜህ ነው በእግርህ ስትወርድ?"

"ከወደቅኩ ወዲህ ቁልቁለት ነድቼ አላውቅም። ዳገቱን ሞተሩ ያወጣኛል፣ ደስ ይለኛል፣ ጫካውን አያለሁ። ከአናቱ እየገፋሁ እወርዳለሁ። ዝሆን ይጎትታል፣ በቅሎ እግር ይልጣል። ፌንጣ ይሻላል። ምኑን ደበቅኩሽ? ሁሉንም ነግሬሻለሁ እኮ።"

"የእጅህን ነገር አልነገርከኝም!"

ወንድሟ ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። "ልነግርሽ ነበር። ዛሬ ጠዋት። ስመጣ በሩ ላይ ለጥፈሽ ጠበቅሽኝ።"

ንቢት ተነስታ ፌንጣን ከግንዱ አላቀቀች፣ ከኪሷ መፍቻ አውጥታም ፍሬኑን እንደነበረው መለሰችለት።

አብረው ወረዱ። እሱ ፌንጣን፣ እሷ ዝሆንን እየገፉ፤ እሱ ከፊት፣ እሷ ከኋላ። መሰላሉን በእግሯ ወርዳው አታውቅም ነበርና ርዝመቱ ገረማት። ሁለት ጊዜ ልትቀድመው ቃጣት፣ ሁለት ጊዜ ራሷን ያዘች። ዝሆን እውነትም ይጎትታል፤ ክንድ ይገነጥላል፤ የሚያዋጣቸውስ ፌንጣ ነው። ግማሽ ላይ ፔዳሉ ቅልጥሟን ላጣት፣ "ወይ!" አለች፤ ወንድሟ ዞር ሳይል "አላልኩሽም?" አላት።

ሱቁ ሲደርሱ ሚስቱ ጓንቱን እንደጨበጠች በር ላይ ቆማለች። ንቢት ማንንም ሳታናግር ወረቀቱን ልትገነጥለው እጇን ዘረጋች።

"ተይው" አላት ወንድሟ። "ተመልሷል የሚለው ይቆይ። እሱስ እውነት ነው።"

"ነገ የሚመጡትን ምን እንበላቸው?"

"ሽቅቡን እኔ እመራለሁ። አናት ላይ ከብስክሌቱ እወርድና እጄን አሳያቸዋለሁ። ቁልቁሉን አንቺ ትመሪያቸዋለሽ።"

ንቢት ኪሷን ዳብሳ ወፍራሙን እስክሪብቶ አወጣች። ስለ መሰላሉ የጻፈችውን መስመር ሰረዘች። ከዚያ "ቁልቁሌ" የሚለውን ሰረዘች፤ ከበላዩም "ወንድሜ" ብላ ጻፈችበት።