መሀሉ ቆሞ ዳሩ ሲሮጥ

እብጠቱ ያለው እኔ ጭን ላይ ነው፤ ሐኪሙ የሚያወራው ግን ለልጅ ልጄ። «ቶሎ ቢወጣላት ጥሩ ነው» ይላታል፣ እኔ አጠገባቸው እንደ ተረሳ ሻንጣ ተቀምጬ። ፊደል አልቆጠርኩም እንጂ ጆሮዬን ለማንም አላከራየሁም።

«አልቆረጥም!» አልኩ። «ዕጢን ቢላ ከነካው ይበተናል። ይህን የማያውቅ ሰው አለ?»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። ፈገግታውን ጠላሁት። በቁጣ ተነስቼ ወጣሁ፤ እያነከስኩ ስለሆነ ግን ቁጣዬ እንዳሰብኩት አላማረልኝም።

የልጅ ልጄ ተከተለችኝ። ሥራዋ እዚያው ግቢ ነው፤ ለምርምር ብላ ዕጢ በሳህን ታሳድጋለች። ጎረቤት ሲጠይቀኝ «ሐኪም ናት» እላለሁ። ዕጢ አርቢ ናት ተብሎ እንዴት ይነገራል?

«ነይ እማማ፣ አንድ ነገር ላሳይሽ» ብላ ከምትሠራበት ክፍል ስክሪን ፊት አስቀመጠችኝ። የብዙ ቀን ቀረጻ ነው አለችኝ፤ በፍጥነት ይሮጣል። አንድ ድቡልቡል ነገር ያብጣል፤ ውስጡ ነጫጭ ነጠብጣብ አለ።

«ነጮቹ እኛ የጨመርናቸው የፕላስቲክ ቅንጣቶች ናቸው። ሴሎቹ ወዴት እንደሚገፏቸው አይተን ግፊቱን እናውቃለን።»

«ግፊያ ለማየት ነው ያን ሁሉ ዘመን የተማርሽው? እኔ አውቶቡስ ላይ ትኬት ስቆርጥ በነጻ ያየሁትን!»

«እንግዲያው ንገሪኛ። አውቶቡሱ ሲሞላ መሀል የቆመው ምን ይሆናል?»

«ክንዱንም አያነሳ።»

«በር ላይ ያለውስ?»

«ተገፍቶ ይወርዳል፤ እናቴን እየሰደበ።»

«ይኸውልሽ። አንዱ ሴል ሁለት ሲሆን ጎረቤቱን ይገፋል። መሀሉ ታፍኖ ይቆማል፣ ዳሩ ይሮጣል።»

አየሁ። የመሀሎቹ ነጠብጣቦች ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ፤ የዳሮቹ ወደ ውጭ ይከንፋሉ። እንዲያውም አንዳንዱ ሴል ከድቡልቡሉ አፈትልኮ ሄደ።

«ይሄንን ማነው በቢላ የነካው?»

«ማንም።»

«እውነቱን ተናገሪ!»

«እማማ፣ ይሄ የሳህን ነው፤ ያንቺም ልክ እንዲህ ያደርጋል ብዬ አልምልም። ግን ለመሄድ ቢላ አይጠብቅም።»

ቀስ ብዬ ቀሚሴን ገለብ አደረግሁ።

«ምንድነው ይሄ ጭንሽ ላይ የጠመጠምሽው?»

«የድሮ የትኬት ቦርሳዬ ማንገቻ። እንዳያድግ አስሬው ነው። ለምርመራው ፈትቼው፣ ቀሚሴን ሳስተካክል መልሼ አሰርኩት። ያን ሁሉ ተሳፋሪ በትከሻዬ ገፍቼ በሩን የዘጋሁ ሴትዮ፣ አንዲት እብጠት ታቅተኛለች?»

«ለዚህ ነው የምታነክሺው?»

«ታዲያ ለውበት ነው?»

ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ሁለቱንም ባንድ ላይ። እኔም ሳቄ መጣ። እብጠቷን አሰርኩ ስል ለካ ያሰርኩት የገዛ እግሬን ነው! እብጠቷ እንደሆነች ባልታሰረው በኩል ስታድግ ከርማለች። ሐኪም ላስተምር ባይዋ እንግዲህ እኔ ነኝ።

ማንገቻውን ፈታችልኝ። እግሬን ጉንዳን የወረረው መሰለኝ። ትንሽ ተቀምጬ፣ ተመልሼ የሐኪሙን በር ሳላንኳኳ ከፈትኩ።

«እሺ፣ ቁረጠኝ» አልኩት። «ግን ከዳሩ እንዳትሰስት። የሚሮጠው እሱ ነው።»

«እናቴ፣ እኛም ሁልጊዜ ዙሪያውን ጨምረን ነው የምናወጣው» አለኝ።

«ካወቅክማ ምን ትቀመጣለህ? በል ቀኑን አሁኑኑ ንገረኝ። ድፍረቴ እኔ ቤት ማደሩን እንጃ!»